ለዝምታ የተሠራው ሰገነት

የምተርከው ነገር የተፈጸመው በአንድ የኅዳር ቅዳሜ ረፋድ፣ አምስተርዳም፣ በቦይ ዳር በቆመ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ተጀምሮ እስኪያልቅ አንድ ቅዳሴ የሚወስደውን ጊዜ እንኳ አልፈጀም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሕይወቴን «ከዚያ በፊት» እና «ከዚያ በኋላ» ብዬ የምከፍል ሰው ሆኛለሁና፣ ቀስ ብዬ ብተርከው አንባቢ እንደሚታገሠኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አስቀድሜ ማን እንደ ነበርኩ ልናገር። አዲስ አበባ የሕንጻ ሙያ ተምሬ፣ በስደት ወደዚህ አገር መጥቼ፣ ቋንቋውን በጎልማሳነቴ እንደ ሕፃን ከፊደል ጀምሬ ከተማርኩ በኋላ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዘ ሄግ ማዘጋጃ ቤት አሮጌ ቤቶችን እየመረመርኩ ኖርኩ። ደረጃው ይይዛል ወይ? ጣራው ይከርማል ወይ? እሳት ቢነሣ ሰው በየት ይወጣል? የምጠይቀው ይህን ነበር። በሥራዬ ጉራ መንዛት አልወድም፤ ሆኖም እኔ መርምሬ ባሳለፍኳቸው ቤቶች ውስጥ ዛሬም ሰዎች በሰላም ይተኛሉ፤ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ቤተሰቤ ግን በዚህ ጠባዬ ሲቀልድብኝ ኖሯል። ልጄ ምሕረት በደቡብ ሮተርዳም በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት፤ በቤተ ክርስቲያናችንም የሴቶቹን መዘምራን የምትመራና ከበሮ የምትመታ እርሷ ናት። እዚህ ስላደገች «አንተ» ትለኛለች፤ ለምጄዋለሁ።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ሠርግ ቤት ገብተህ ሙሽሪትን ሳታይ ጣራውን ታያለህ» ትለኝ ነበር።

ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለም ትቀበላታለች፦ «እኔንስ መሠረቴን ሳይመረምር ያገባኝ ይመስልሻል?»

አብሬያቸው እስቅ ነበር። አንድ ነገር ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ስንጥቅ ፍለጋ የምዞረው በሙያ ኩራት ብቻ አልነበረም፤ እፈራ ነበር። በወጣትነቴ በር ተንኳኩቶ ሰዎች ሲወሰዱ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በገባሁበት ቤት ሁሉ ዓይኔ የሚወጣበትን ይፈልጋል። ይህን «የባለሙያ ጥንቃቄ» ብዬ ሸፍኜው ኖርኩ።

አሁን ስለ ቤቱና ስለ ሠራው ሰው ልንገራችሁ።

በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን በዚህ አገር የካቶሊክ ቅዳሴ በአደባባይ ክልክል ነበር። ሆኖም ከመንገድ እስካልታየ፣ ደወል እስካልተሰማ ድረስ ሹማምንቱ አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ስለዚህ ምእመናኑ ተራ በሚመስሉ የነጋዴ ቤቶች ውስጥ፣ ከላይኞቹ ፎቆች ላይ ቤተ ክርስቲያን ይሠሩ ጀመር። ይህን ቤት የሠራው ካህንም ነበር፣ ሐናጺም። ፓተር፣ ማለትም አባ፣ ላምበርት ይባላል። ካቶሊኮች ከሚበዙበት ከደቡብ የመጣው የጨርቅ ነጋዴ መስሎ ነው። በደቡብ ሳለ በዘመኑ ወግ የተሠሩትን ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አይቷል፤ የሚጠማዘዙትን ዓምዶች፣ ሰማይ የተከፈተ የሚመስሉትን ጣራዎች። እዚህ ግን ያንን ክብር ሁሉ በአንድ ነጋዴ ጣራ ሥር ማስገባት ነበረበት፤ ያውም ጎረቤት መዶሻ እንዳይሰማ። እብነ በረድ ማምጣት ስለማይቻል እንጨቱን እብነ በረድ አስመስሎ ቀባ። ዓምድ ቢያቆም ወለሉ ይጠብበታልና፣ ሰገነቱን በብረት ዘንጎች ከጣራው ተሸካሚ እንጨቶች ላይ አንጠለጠለው።

ሥራውን የማውቀው ከማዘጋጃ ቤት ዘመኔ ነው። ዘ ሄግ ውስጥ እርሱ የሠራውን ሌላ ቤት ስመረምር፣ ከሰገነቱ ጫፍ አንድ ቁም ሣጥን አየሁ። የወለሉ ሳንቃ ከሣጥኑ በር ሥር ሳይቋረጥ ወደ ውስጥ ያልፋል። ቁም ሣጥን ደግሞ የሚረገጥ ወለል አያስፈልገውም። ጀርባውን ብገፋው ተከፈተና ወደ ጎረቤት ቤት የሚወርድ ጠባብ ደረጃ አገኘሁ። ሹማምንቱ በአንዱ በር ሲገቡ ምእመናኑ በሌላው እንዲወጡ ያበጀው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ካህን እንደ ዘመድ እቆጥረው ጀመር።

የእኛ ማኅበረ ምእመናን ለዓመታት በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ሲያስቀድስ ከቆየ በኋላ፣ ይህን የአምስተርዳም ቤት ከሚያስተዳድረው ድርጅት ተከራየ። እንደ ሥርዓታችን ሴቶች በቀኝ፣ ወንዶች በግራ እንዳይቆሙ ቦታው ጠባብ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን መከሩና ሴቶቹ ከነመዘምራኑ ሰገነት ላይ፣ ወንዶቹ ታች እንዲሆኑ ተስማሙ። ሁላችንም ደስ አለን። ድርጅቱ ስለ ከበሮ አልጠየቀንም፤ እኛም አልነገርነውም። ያለ ከበሮ የሚዘመር መዝሙር እንዳለ እኛ አላሰብንም፤ በከበሮ የሚዘመር መዝሙር እንዳለም እነርሱ አላሰቡም።

የኅዳር ሚካኤል በዓል ያን ቅዳሜ ተከበረ። ከዛንዳም፣ ከሮተርዳም፣ ከዘ ሄግ ሰው ጎረፈ። ቅዳሴው ከመግባቱ በፊት ከበሮውን ለምሕረት ይዤላት ወደ ሰገነቱ ወጣሁ። በግራ ጫፍ የመዘምራኑ ልብስ የሚሰቀልበት ቁም ሣጥን አለ። ጎንበስ ብዬ ሳንቃውን አየሁ፤ ከበሩ ሥር ያልፋል።

«ምሕረት፣ ይሄ እኮ ሣጥን አይደለም።»

«አባዬ፣ ዛሬ ሚካኤል ነው። በአምላክህ፣ ዛሬ እንኳ ቤቱን ተወው።»

ተውኩት።

ቅዳሴው አልቆ ወረብ ተጀመረ። ታች መርጌታውና ወንዶቹ፣ ላይ ሴቶቹ፣ እየተቀባበሉ ያሸበሽቡ ነበር። እኔ ከሰገነቱ ሥር፣ ከኋላ ቆሜ ነበር። ትከሻዬ ላይ ነጭ ብናኝ ወረደ። ጠረግሁት። ደግሞ ወረደ። ቀና ስል ከሰገነቱ ሆድ የተንጠለጠለችው መብራት ትወዛወዛለች። ትንሽ መወዛወዟ አልነበረም ያስደነገጠኝ፤ ከከበሮው ጋር እኩል መወዛወዟ ነው። ከበሮው ሲፈጥን ትፈጥናለች፤ ሕዝቡ ወደ ቀኝ ሲያዘም ሰገነቱ አብሮ ያዘማል።

ከሰገነቱ ሥር ወጣ ብዬ ወደ ግራው የብረት ዘንግ ቀና አልሁ። ዘንጉ ወደ ጣራው በሚገባበት ቦታ የቆየው ቀለም ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ውስጥ አዲስ የተላጨ እንጨት መልክ ይታያል። ዝማሬው ከፍ ባለ ቁጥር ስንጥቁ ይከፈትና ይዘጋል፤ እንደሚተነፍስ አፍ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ የታመመ ቤት አይቻለሁ፤ ያየሁት ግን ሁልጊዜ ባዶውን ነበር። ይህ ግን ሰው ተሸክሟል። አስካለ እላይ ናት። ምሕረት እላይ ናት። የሁላችን እናቶችና እኅቶች እላይ ናቸው። እኛ ደግሞ ከሥራቸው።

ከዚህ የባሰ ሐሳብ መጣብኝ። ታቦቱ ሊወጣ ነው። ታቦቱ ሲወጣ እላይ ያሉት ሁሉ እልል እያሉ ወደ ፊተኛው መደገፊያ ይጎርፋሉ፤ ወዲያውም በአንድ ጊዜ ለስግደት ይወድቃሉ። ያን ጊዜ ያ እንጨት አይችልም።

ልጮህ አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። ብጮህ ሁሉም ወደ ደረጃው ይሮጣል። የሰገነቱ ደረጃ አንድ ነው፤ ጠባብና ጠመዝማዛ። ሴቶቹ ደግሞ ጫማቸውን ያወለቁት በዚያው ደረጃ ላይ ነው።

ወንዶቹን እየገፋሁ ወደ መቅደሱ መጋረጃ ደረስሁ። እኔ ወደ ውስጥ መግባት አይገባኝም፤ ዲያቆኑን ለመንሁት። የደብራችን አስተዳዳሪ ቀሲስ ዘካርያስ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ብቅ አሉ። ለታቦቱ ለብሰው ጨርሰዋል።

«ምን ሆነሃል ጋሽ ታፈሰ? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«አባቴ፣ ታቦቱ እንዳይወጣ። ሰገነቱ ሊወርድ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም። እርግጠኛ የምሆነው ሲወድቅ ነው።»

ድምፃቸው አልተለወጠም። «ምን ላድርግ?»

«ወንዶቹን ቀስ ብለው ወደ ፊት ይጥሯቸው፤ ከሰገነቱ ሥር አንድም ሰው አይቅር። ሴቶቹን በደረጃው ማውረድ አይቻልም፤ ጫማ ሞልቶበታል። እላይ ሌላ በር ሳይኖር አይቀርም።»

«ሳይኖር አይቀርም?»

«የሠራውን ሰው አውቀዋለሁ።»

ዛሬ ሳስበው ይህ እንዴት ያለ መልስ ነው? ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን ሰው። እርሳቸው ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «በሩን ስታገኝ በምን አውቃለሁ?»

«ነጠላዬን ከመደገፊያው ላይ አንጠለጥላለሁ።»

ወደ ደረጃው ሄድሁ። በእያንዳንዱ እርከን ላይ ጫማ አለ፤ ቡትስ፣ ስኒከር፣ የነርስ ጫማ፣ የሕፃን ጫማ። ባለቤት የሌለው ጫማ ምን እንደሚመስል የአደጋ ዜና ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በሦስተኛው እርከን ላይ የአስካለን ጥቁር ጫማ፣ እንደ ልማዷ ጎን ለጎን ተስተካክሎ አገኘሁት። ተራምጄው አለፍሁ።

እላይ ስደርስ ግድግዳውን ተጠግቼ ሄድሁ፤ ወለሉ የሚጸናው ከዚያ ነውና። የሳንቃው መርገፍገፍ በባዶ እግሬ ይሰማኛል። ምሕረት ከበሮውን በአንገቷ አንጠልጥላ፣ ፊቷ በላብ ርሶ፣ ከመዘምራኑ ፊት ቆማለች። ስታየኝ ግንባሯን ቋጠረች።

«አባዬ፣ አሁን?»

«ይህ የዝማሬ ቤት ሲያልቅ ከበሮውን አቁሚው። መዝሙሩ ግን አይቁም፤ በለሆሳስ ቀጥሉ።»

«ደግሞ ስንጥቅ አየህ?»

«ምሕረት፣ ፈርቻለሁ።»

እጇ ከበሮው ላይ ቀረ። ይህን ቃል ከአፌ ሰምታው አታውቅም። በስደት ስንመጣ በጨለማው ጉዞ እንኳ፣ አቅፌያት ሳለ፣ አልፈራሁም ነበር ያልኳት። ጥቂት አየችኝና ወደ መዘምራኑ ዞራ እጇን ዝቅ አደረገች። ዝማሬው ወደ ለሆሳስ ወረደ። ከበሮውን አውልቃ ወለሉ ላይ አኖረችው። እኔም ከእግሬ ሥር የነበረው መርገፍገፍ ጋብ ሲል ተሰማኝ።

ቁም ሣጥኑን ከፈትን፤ ልብሶቹን ወደ ጎን ገፋን። ጀርባውን በጣቴ አንኳኳሁ፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ገፋሁት። አልተነቃነቀም። የብዙ ዘመን ቀለም ከጠርዙ ጋር አጣብቆታል።

«በጡብ ተዘግቶ ቢሆንስ?» አለች በሹክሹክታ።

«እንግዲያው ሌላ አላውቅም።»

አብረን በትከሻ ገፋን። ከታች ቀሲስ፣ «ወንድሞች፣ ቀረብ በሉ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት» ሲሉ እሰማለሁ። ደግመን ገፋን። ቀለሙ ተቀደደና ሳንቃው ወደ ውስጥ ተከፈተ። የእርጥብ ጡብ ሽታ መጣ። እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥሩ፣ በአንድ በር ግርጌ፣ የቀን ብርሃን ይታያል።

ምሕረት ወርዳ በሩን መታች። ረጅም ጊዜ መሰለኝ። ከዚያ በሩ ተከፈተና የአንዲት አሮጊት የሆላንድ ሴት ድምፅ ሰማሁ። «ከግድግዳዬ ውስጥ ማነው የሚያንኳኳው?» የምሕረት መልስ በሆላንድኛ አጭር ነበር፤ «ይቅርታ እመቤቴ፣ ብዙ ነን፤ መውጣት አለብን።» ሴትየዋም፣ «ከመተላለፊያው ብስክሌቶቹን ላንሣ» አለች።

ነጠላዬን አንጠለጠልሁ።

ቀሲስ ዘካርያስ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው ተናገሩ። «እናቶቼ፣ እኅቶቼ፤ ታቦቱን ዛሬ በአደባባይ እንቀበለዋለን። ጋሽ ታፈሰ ባለበት በኩል፣ አንድ በአንድ፣ ግድግዳውን ተጠግታችሁ፣ ‹እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ› እያላችሁ ውረዱ። የሚሮጥ አይኑር፤ በሚካኤል ፊት አይሮጥም።»

ያን ጊዜ የሥርዓታችንን ኃይል አየሁ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በዝግታ ይመጡ ጀመር። እኔ ከቁም ሣጥኑ በር ቆሜ የእያንዳንዳቸውን ክንድ እየያዝሁ አሳልፋለሁ፤ ዓይኔ ግን ከዚያ ዘንግ ላይ ነው። ስንጥቁ አሁን አይዘጋም። ተከፍቶ ቀርቷል።

አስካለ ስትደርስ እጄን ያዘች። «እጅህ በረዶ ሆኗል። አንተስ?»

«እመጣለሁ። ሂጂ።»

«ጫማዬ…»

«አስካለ።»

ወረደች። ምሕረት ግን ተመልሳ ወጥታ ነበር፤ ከመዘምራኑ ጋር ቆማ በለሆሳስ ትዘምራለች። ውረጂ ብላት ራሷን ነቀነቀች። «መሪ ቀድማ አትወርድም። እኔ ዝም ካልሁ ይደነግጣሉ።» እውነቷን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቅጽበት በልጄ የኮራሁበትም፣ ለእርሷ የፈራሁበትም ጊዜ የለም።

የመጨረሻዋ ዘማሪት ስታልፍ የምሕረትን ክንድ ይዤ ወደ ቁም ሣጥኑ ጎተትኋት። ከበሮውን ልታነሣ ጎንበስ አለች። «ተይው» አልሁ። አንድ እግራችን ደፉን እንደ ተሻገረ ከላይ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ጮኸ። የሰገነቱ ግራ ጥግ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ ልስኑ ወንዶቹ ቆመውበት በነበረው ወለል ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ሁሉ ነገር ቆመ። ሰገነቱ ዘሞ፣ በቀሩት ዘንጎች ተንጠልጥሎ ቀረ። ከበሮው ብቻ በዘመመው ወለል ላይ ተንከባሎ ሄደና መደገፊያውን መታ። አንድ ጊዜ።

ምሕረት ደረቴ ላይ ተጣብቃ ነበር። ማን ማንን እንደ ያዘ አላውቅም።

ከጎረቤቲቱ ቤት ስንወጣ ሴቶቻችን በሙሉ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በባዶ እግራቸው በቀዝቃዛው ጡብ ላይ በቦዩ ዳር ቆመዋል። ሴትየዋ በቤቷ ያለውን ነጠላ ጫማ፣ ካልሲና ፎጣ ሁሉ እየወረወረች ታድላለች። አስካለ ለእግሯ በጣም የሚሰፉ የወንድ የቤት ጫማዎች አጥልቃ፣ «ሚካኤል ይስጥሽ» ትላታለች በአማርኛ፤ ሴትየዋም በሆላንድኛ ትመልስላታለች፤ ሁለቱም የተግባቡ ይመስላሉ። ወንዶቹም ከሰገነቱ ራቅ ባለው ዋና በር ወጡ። በመጨረሻ ቀሲስ ዘካርያስ ታቦቱን አክብረው ወደ ቦዩ ዳር ብቅ አሉ። ያ ቤት ከመንገድ እንዳይታይ የሸሸገውን ሁሉ፣ እኛ በቀን ብርሃን አወጣነው። እልልታው ከድልድይ ድልድይ ተሰማ። እኔ መስገድ እንጂ መነሣት አልቻልኩም፤ ምሕረትና አንድ ሌላ ሰው አነሡኝ።

በኋላ ባለሙያዎች መጥተው፣ የተሸካሚው እንጨት ጫፍ ከጣራው ልባጥ ጀርባ፣ ማንም በማያይበት ቦታ፣ በእርጥበት በስብሶ እንደ ነበር ነገሩን። ፓተር ላምበርት ሰገነቱን ያንጠለጠለው ትንፋሻቸውን ውጠው ለሚጸልዩ ሰዎች ነበር፤ እንዲህ ያለ ክብደት በእንዲህ ያለ ምት ይመጣበታል ብሎ ሊያስብ አይችልም። የሁለተኛውን በር ነገር ግን አስቦታል።

አንባቢዬ ሆይ፤ ስለዚህ ሰው ብዙ አስቤያለሁ። የተጻፈለት ሁሉ ስለ ወርቅ ቅቡ፣ እብነ በረድ ስለሚመስለው እንጨቱ ነው። እኔ ግን አሁን የማውቀው እርሱ ፈሪ እንደ ነበር ነው። በየቀኑ የሚንኳኳውን በር እያዳመጠ የኖረ ሰው ነው። ይህን ፍርሃቱን ግን እንደ እኔ አልሸፈነውም፤ ደረጃ ሠራበት። ብዙ ትውልድ ቆይቶ የማያውቃቸው ሰዎች፣ በማያውቀው ቋንቋ እየጸለዩ ወረዱበት።

እኛ በዚህ አገር የምንሰበሰበው በተከራየናቸው ቤቶች ነው፤ ሰው ለሌላ ነገር በሠራቸው አዳራሾችና መጋዘኖች። ከበሮአችሁን ይዛችሁ ስትገቡ ቤቱ ለማን እንደ ተሠራ ጠይቁ። ጫማችሁን ከደረጃ ላይ አታኑሩ። ከመካከላችሁ አንድ ፈሪ ሰው ካለ ደግሞ አትሳቁበት።

ባለፈው የበዓል ሰሞን ሮተርዳም አጠገብ፣ ሆግቭሊት ውስጥ አንድ አዳራሽ ተከራይተን ነበር። ሕዝቡ ሞልቷል፤ መዘምራኑ ተሰልፈዋል። ምሕረት ያንኑ ከበሮ በአንገቷ አጥልቃ፣ ከመጀመሯ በፊት ዙሪያውን አየችና ከኋላ ወደ ቆምሁበት መጣች።

«አባዬ፣ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ። በሩ በስተግራ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ። ክፍት ነው።»

«እሺ» አለችና ተመልሳ ሄዳ ከበሮውን መታች።